በአዲስ አበባ ዙሪያ ባለሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ከኪት መሥራት፦ ከስሌቱ እስከ ሙከራ በረራው

የኪት አምራቾች የሚያወጧቸው ቁጥሮች በባሕር ጠለል ላይ፣ በ15 ዲግሪ ሙቀት የሚሠሩ ናቸው። ቦሌ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ ሱሉልታ ከዚያም በላይ ነው። ስለዚህ እዚህ አካባቢ አውሮፕላን የሚገጣጥም ሰው የመጀመሪያ ሥራው መጽሐፉ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ቁጥር ለራሱ ከፍታ እንደገና ማስላት ነው። የሞተር፣ የፕሮፔለር፣ የነዳጅ፣ የሜዳ ምርጫው ሁሉ ከዚህ ስሌት ይወጣል።

ኪት ስል ፋብሪካው ቆርጦ፣ ብዙውን ጊዜም ቀዳዳውን በስቶ፣ ከሥዕላዊ መመሪያ ጋር በሣጥን የሚልከውን ማለቴ ነው። «ለምን ከባዶ ወረቀት አልነድፍም?» የሚል አይጠፋም። ሀገሩ ለነገሩ ባዳ አይደለም። «ፀሐይ» የተባለችውን ባለሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር እዚሁ አዲስ አበባ ሠርቶ በ1928 ዓ.ም. አብርሯታል። ጣሊያን ወስዷት ኖራ ጥር 2016 ላይ ተመልሳለች። ዌበር ግን መሐንዲስም አብራሪም ነበር። ለመጀመሪያ አውሮፕላንዎ ክንፉንና አካሉን በሌሎች ሀገሮች በብዛት ለበረረው ኪት ይተዉት። የንድፍ ፍላጎትዎን ለሞተር ማቀዝቀዣው፣ ለፕሮፔለሩና ለነዳጅ መስመሩ ያቆዩት፤ ለእኛ ከፍታ ማስተካከያ የሚፈልጉት እነሱ ናቸው።

1. ከፍታውን ያስሉ

መጋቢት ውስጥ ከሰዓት በኋላ፣ ቦሌ ከፍታ ላይ፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ነው እንበል። መደበኛው የአየር ሠንጠረዥ በዚህ ከፍታ የሚጠብቀው 0 ዲግሪ ገደማ ነው። ከመደበኛው ለሚበልጥ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 36 ሜትር ይጨምሩ፤ 25 ሲባዛ በ36፣ 900 ሜትር። አውሮፕላኑ ያለው 2,334 ላይ ቢሆንም የሚበረው 3,230 ሜትር ላይ እንዳለ ሆኖ ነው። እዚያ ላይ አየሩ የባሕር ጠለሉን 72 በመቶ ያህል ብቻ ይመዝናል።

ይህ ምን ያደርጋል? ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው 100 የፈረስ ጉልበት ሞተር ወደ 70 ይወርዳል። ለመነሳት የሚያስፈልገው እውነተኛ ፍጥነት በ18 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ መንደርደሪያ ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ከዚህ ብቻ 38 በመቶ ይረዝማል። በዚያ ላይ የጉልበቱን መቀነስ ሲጨምሩበት፣ መጽሐፉ 150 ሜትር ያለው መንደርደሪያ እዚህ 300 ሆኖ ቁጭ ይላል። ያውም ሜዳው ደረቅና ጠንካራ ከሆነ።

ከመንደርደሪያው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሽቅብ መውጣቱ ነው። አንድ አውሮፕላን በባሕር ጠለል ላይ ሳይወርድ ሳይወጣ ለመብረር 45 ፈረስ ይበቃዋል እንበል። ከ100ው የሚተርፈው 55 ነው፤ ወደ ላይ የሚያወጣውም ያ ትርፍ ነው። እዚህ ግን ለመንሳፈፍ ብቻ 53 ያህል ይፈልጋል፣ ሞተሩ ደግሞ የሚሰጠው 70 ነው። የተረፈው 17 ብቻ! ሲሶ እንኳ አይሞላም። ከእንጦጦ ሰንሰለት ወይም ከየረር ተራራ አጠገብ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

የፍጥነት መለኪያው ግን በዚህ ሁሉ አይታለልም። መጽሐፉ በ65 ኪሎ ሜትር ስቶል ያደርጋል ያለው ክንፍ እዚህም መለኪያው 65 ሲያሳይ ነው ማንሳት የሚያቆመው። መሬቱ ግን ከሥር በ76 ያልፋል። የሚታለለው ዓይን ነው፤ አብራሪው «እየፈጠንኩ ነው» ብሎ ጋዝ ይቀንሳል።

2. ኪቱንና ሞተሩን አብረው ይምረጡ

ኪቱን ወደው ገዝተው፣ ሞተሩን በኋላ «እናያለን» አይበሉ። ሰፊ ክንፍ፣ ትንሽ ክብደት፣ ከፍ ያለ ጉልበት የሚፈቅድ አካል፤ ሦስቱ አንድ ላይ መምጣት አለባቸው።

ለጀማሪ የሚያዋጣው የአሉሚኒየም ኪት ነው። ፋይበርና ኢፖክሲ ሙጫ የሚሠራ ሰው ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ እንዳይወርድበት ይፈልጋል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ይህን አይሰጥም። ከአሉሚኒየሞቹ መካከል የዜኒት ሲኤች 750 እና የቫንስ አርቪ-12 በአብዛኛው ከአንድ ወገን በሚሳብ ሪቬት (ላሜራ ከላሜራ የሚያያይዝ ሚስማር) የሚያያዙ ናቸው፣ አንድ ሰው ብቻውን ይሠራቸዋል። ሲኤች 750 ወፍራም ክንፍ ያለው፣ ለአጭር ሜዳ የታሰበ ነው። አርቪ-12 ክንፎቹ ተነቅለው ከመጋዘን ወደ ሜዳ በመኪና ሊሄዱ ይችላሉ፤ ቤትዎ ከሜዳው ርቆ ከሆነ ይህን ጥቅም አይናቁት። አርቪ-7 ፈጣን ነው፣ ግን በሚመታ ሪቬት የሚሠራ ስለሆነ ረዳት ይፈልጋል። ኪትፎክስ የብረት ቱቦና ጨርቅ ነው፤ ክንፉ ይታጠፋል።

ሞተሩ ላይ የኔ ፍርድ ግልጽ ነው፦ ቱርቦ። ሮታክስ 914 ለመነሻ 115 ፈረስ ለ5 ደቂቃ ይሰጣል፤ ይህንንም እስከ 2,450 ሜትር ገደማ ይዞ ይቆያል። ያለማቋረጥ የሚሰጠውን 100 ፈረስ ደግሞ እስከ 4,800 ሜትር ገደማ አይጥልም። 915 አይኤስ 141 ፈረሱን እስከ 4,570 ሜትር ይይዛል፣ ዋጋውና ክብደቱ ግን ሌላ ነው፤ የኪቱ አካልም ያን ያህል ጉልበት እንዲሸከም አምራቹ መፍቀዱን በጽሑፍ ማየት አለብዎ። ቱርቦ የማይፈልግ ሰው ትልቅ ሞተር መግዛት ይችላል፤ 160 ፈረስ የሆነ ላይኮሚንግ እዚህ 110 ያህል ይሰጠዋል።

ሶማሌ ተራ ሄደው የቮልስ ሞተር ሊያዩ ይችላሉ። በዓለም ላይ የቮልስ ሞተር የሚያበራቸው ትንንሽ አውሮፕላኖች አሉ፣ እውነት ነው። 60 ፈረሱ ግን እዚህ 42 ነው። ሁለት ሰው ለማንሳት አይታሰብም።

3. ወረቀቱን ከአሉሚኒየሙ ያስቀድሙ

ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ደብዳቤ ያስገቡ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ደብዳቤው አራት ጥያቄ ይያዝ፦ በግለሰብ የተገጣጠመ አውሮፕላን በ«ኢቲ» የምዝገባ ምልክት እንዴት ይመዘገባል? የበረራ ብቁነት ፈቃዱ በምን ዓይነት ገደብ ይሰጣል? ተቆጣጣሪ በየትኛው የሥራ ደረጃ ላይ መጥቶ ያያል? የሙከራ በረራው የት ይፈቀዳል? ሦስተኛው ጥያቄ ዋናው ነው። ክንፉ ተዘግቶ፣ ሪቬቱ ተመትቶ ካለቀ በኋላ «ውስጡን አሳዩኝ» ቢባሉ መክፈቻ የለውም።

አሜሪካ ውስጥ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የሚጠየቀው ከግማሽ የሚበልጠውን ሥራ ባለቤቱ ራሱ መሥራቱ ነው። ማስረጃው የሥራ መዝገብና ፎቶ ነው። ባይጠየቁም ይህን ልማድ ይያዙ፦ ቀን፣ የተሠራው ክፍል፣ የተጠቀሙበት ሪቬትና ቡሎን ቁጥር፣ ሦስት አራት ፎቶ።

ለሬዲዮው ፈቃድ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ይጠይቁ።

4. ማስመጣት

ፕሮፎርማ ሲጠይቁ ኪቱ በጉምሩክ ታሪፍ ምዕራፍ 88፣ የአውሮፕላንና የአውሮፕላን ክፍሎች በሚለው ሥር እንዲገለጽ ለሻጩ ይንገሩት። ኢንቮይሱ ላይ «አሉሚኒየም ላሜራ፣ የተለያየ» ተብሎ ከመጣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ትራንዚተርዎ ስለ ግንባታ ዕቃ ሲከራከር ይውላል። የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣኑ ደብዳቤ ከዲክላራሲዮኑ ጋር አብሮ ይያያዝ።

ሬዲዮ፣ ትራንስፖንደር (ለራዳር መልስ የሚሰጥ መሣሪያ) እና ጂፒኤስ ያለበትን ሣጥን ከኮንቴይነሩ ለይተው፣ ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ ያስልኩ። አንዲት የሬዲዮ ሣጥን ሙሉ ኮንቴይነር ልታስይዝ ትችላለች።

ብዙ አምራቾች የጎደለ ዕቃ የሚተኩት በተወሰኑ ቀናት ውስጥ ከተነገራቸው ነው። ኮንቴይነሩ ጅቡቲና ሞጆ ላይ ሊቆም ስለሚችል፣ ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ሣጥኑ ሲከፈት እንዲሆን አስቀድመው ይስማሙ።

5. መጋዘኑ

ገላንና ዱከም ከሱሉልታ ይሻላሉ። ዝቅ ይላሉ፣ ለመንገዱም ለሞጆም ቅርብ ናቸው። 8 ሜትር በ6 የሆነ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ ቤት ይበቃል፤ ክንፉና አካሉ ጎን ለጎን መቀመጥ አለባቸው። በሩ ግን ከሁሉ በፊት ይለካ። ሥራ አልቆ በር የማይወጣ አውሮፕላን የዓለም ሁሉ ቀልድ ነው።

ጠረጴዛውን መርካቶ ከተገዛ ወፍራም ኮምፔንሳቶ ይሥሩ። አራት ሜትር ርዝመት ላይ ዝንፍ እንዳይል ግንበኞች የሚጠቀሙበትን የውሃ ልክ ቱቦ ያምጡ፤ ከብዙ ውድ መሣሪያ የተሻለ ነው። መብራት ሲጠፋ ኮምፕሬሰሩ ስለሚቆም ጄኔሬተር ወይም ሰፊ የአየር ታንክ ያስፈልጋል።

የቆርቆሮ ቤት አንድ ተንኮል አለው። ንጋት ላይ 10 ዲግሪ የነበረው ቀትር ላይ 35 ይደርሳል። 4 ሜትር የአሉሚኒየም ስፓር (የክንፉ ዋና ተሸካሚ) በዚህ ልዩነት 2.3 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ከሥሩ ያለው የብረት መያዣ የሚረዝመው ግን የዚያን ግማሽ ያህል ነው። ጠዋት በልኩ የታሰረው ቀትር ላይ ጎብጦ ይገኛል። ስለዚህ ረጃጅም ክፍሎችን ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ይለኩ፣ ቢቻል ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሳያልፍ፤ አንዱን ጫፍ ብቻ ጠበቅ አድርገው ሌላውን ልል ይተዉት።

6. ከጭራው ይጀምሩ

ጭራው ትንሽ ነው፣ ቢበላሽም እንደገና ይገዛል። እጅ የሚፈታበት እሱ ላይ ነው።

ቅደም ተከተሉ ለሁሉም ክፍል ያው ነው። ላሜራዎቹን ክሌኮ በሚባሉት፣ በፒንሳ በሚከፈቱ ጊዜያዊ ማያያዣዎች ይያዙ። ቀዳዳውን በትክክለኛው ትራፓኖ ያስፉ። ይፍቱ። የእያንዳንዱን ቀዳዳ ከንፈር ያለስልሱ፤ ጥፍር ሲያልፍበት መያዝ የለበትም። ፍርፋሪውን ይጥረጉ፣ ፕራይመር ይቀቡ፣ መልሰው በክሌኮ ይያዙ፣ ከዚያ ሪቬት። መፍታቱ የሚያሰለች ነው። ሳይፈታ የተመታ ክፍል ግን በሁለቱ ላሜራ መካከል ፍርፋሪ ይዞ ይቀራል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር እርጥበት የሚገባው እዚያ ነው።

የሚሳበው ሪቬት ቀላል ይመስላል፣ የሚያሳስተውም እሱ ነው። ሽቦው «ጠቅ» ብሎ ሲቆረጥ ሥራው ያለቀ ይመስላል። መሣሪያው ቀጥ ብሎ ካልተያዘ ግን ጭንቅላቱ በአንድ ወገን ይነሳል። ለመፈተሽ አዲስ የብር ኖት ጠርዙን ከጭንቅላቱ ሥር ለማስገባት ይሞክሩ። ከገባ ሪቬቱ አልተቀመጠም፤ ጭንቅላቱን በትራፓኖ በስተው፣ ግንዱን በቀጭን መምቻ ገፍተው ያውጡትና ሌላ ያስገቡ። ትራፓኖው ጭንቅላቱን አልፎ ላሜራውን እንዳይነካ፤ ቀዳዳው ከሰፋ ከፍ ያለ ልክ ሪቬት የሚፈቀድ መሆኑን መመሪያውን ማየት ግድ ነው።

የሚመታ ሪቬት ያለበት ኪት ከመረጡ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ በውጭ መምቻውን ይዞ፣ ሌላው በውስጥ ከባድ መደገፊያ ብረት ይዞ። በመካከላቸው ላሜራው ስላለ አይተያዩም፣ ድምፁም አያነጋግርም። ስለዚህ በብረቱ ማንኳኳት ይስማሙ፦ አንድ ጊዜ «ምታ»፣ ሁለት ጊዜ «ደህና ነው»፣ ሦስት ጊዜ «ተበላሽቷል»። 3.2 ሚሊ ሜትር የሆነ ሪቬት ተመትቶ የሚፈጥረው ጭንቅላት ስፋቱ የግንዱ አንድ ተኩል፣ ቁመቱ ግማሽ መሆን አለበት፤ 4.8 በ1.6። ይህን ልክ በቆርቆሮ ቁራጭ ላይ በስተው መለኪያ ያድርጉት። ረዳትዎ የጎረቤት ልጅ ቢሆንም መለኪያው እጁ ላይ ካለ አያሳፍርም።

ክንፉን ከመዝጋትዎ በፊት ጠመዝማዛነቱን ይፈትሹ። በአራት ቦታ ቱንቢ አንጠልጥለው በክሮቹ በኩል አንድ ዓይን ጨፍነው ይዩ። ክሮቹ አንድ መስመር ካልሆኑ፣ ወይም መመሪያው ካዘዘው ዝንፈት ከወጡ፣ ሪቬት ከተመታ በኋላ መድኃኒት የለውም።

7. ቡሎን

ክንፉን፣ ማረፊያውን፣ ሞተሩንና መሪውን የሚይዘው ቡሎን ከምናለሽ ተራ አይገዛም። ጭንቅላቱ ላይ ቁጥር ቢኖረውም አይገዛም። የአውሮፕላን ቡሎን ከነምስክር ወረቀቱ ይመጣል፤ ሲያዙ አሥር በመቶ ትርፍ ይዘዙ፣ አንድ ዳዶ ወለል ላይ ወድቃ ብትጠፋ ምትኳ ባሕር ማዶ ነውና።

ጋራዥ ያደጉ ልጆች አጥብቆ ማሰር ያውቃሉ፣ እዚህ ግን ይህ ጥፋት ነው። ኤኤን3 የሚባለው፣ ውፍረቱ 4.8 ሚሊ ሜትር የሆነው ቡሎን የሚታሰረው ከ2.3 እስከ 2.8 ኒውተን ሜትር ነው፤ በተለመደው ቁልፍ አንድ ጊዜ ማንገጫገጭ ያልፈዋል። የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቶርክ ቁልፍ ይግዙ። የታሰረውን ሁሉ በቀይ ቀለም ጭረት ያድርጉበት፤ ጭረቱ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው።

8. ሞተር፣ ማቀዝቀዣ፣ ነዳጅ

ስስ አየር ሙቀትም አይወስድም። መመሪያው ለሞቃት ሀገር የሚሰጠውን ትልቁን ራዲያተርና የዘይት ማቀዝቀዣ ይውሰዱ፤ በቱርቦው አካባቢ ያሉ ቱቦዎችን በሙቀት መከላከያ ይጠቅልሉ።

914 የሚፈልገው ቤንዚን ኦክቴኑ ቢያንስ 95 ነው። አቅራቢዎን የጥራት ወረቀት ይጠይቁ። ሀገራችን ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚወጣ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር ስትቀላቅል ስለቆየች፣ በየጊዜው ራስዎ ይፈትሹ፦ መስመር ባለው ጠባብ ብርጭቆ 10 እጅ ውሃ፣ 90 እጅ ቤንዚን ጨምረው ያናውጡና ያቁሙት። ከሥር ያለው ውሃ ከ10 በላይ ከሆነ ኢታኖል አለ። ሮታክስ እስከ 10 በመቶ ይፈቅዳል፤ የታንክዎ ማሸጊያና ጎማ ግን ይችለው እንደሆነ የኪቱን አምራች ይጠይቁ።

በከፍታ ላይ ቤንዚን ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል። አረፋ መስመሩን ከዘጋ ሞተሩ ይተኛል። ቱቦው ከጭስ ማውጫው ይራቅ፣ ትርፉን ወደ ታንክ የሚመልስ መስመርም ይኑረው። ከዚያ አፍንጫውን በጉቶ ላይ ሽቅብ አንስተው፣ ቱቦውን ከሞተሩ ነቅለው፣ ፓምፑን ከፍተው በባልዲ ይለኩ። በፓምፕ ለሚሠራ መስመር የሚጠበቀው ለመነሻ ከሚበላው 125 በመቶ ነው። 914 በሙሉ ጉልበት በሰዓት 33 ሊትር ያህል ስለሚጠጣ፣ ባልዲው በሰዓት ከ41 ሊትር በማያንስ ፍጥነት መሙላት አለበት።

ፕሮፔለሩ መሬት ላይ የሚስተካከል ይሁን። የምላጮቹን ማዘንበያ በፋብሪካው ቁጥር ሳይሆን በሜዳዎ ላይ ቆመው ያውጡ።

9. ይመዝኑ

ቀለም ከመቀባትዎ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከቀለም በኋላ እንደገና። ሦስት ሚዛን፣ የተዘጋ በር፣ የተስተካከለ ወለል። ርቀቶቹ ሁሉ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ይለኩ።

የሚከተለው ለአሠራሩ ምሳሌ ብቻ ነው። ሁለቱ ዋና ጎማዎች አንድ ላይ 298 ኪሎ፣ ከጠርዙ ወደ ኋላ 0.75 ሜትር። የአፍንጫው ጎማ 62 ኪሎ፣ ከጠርዙ ወደ ፊት 0.70። 298 ሲባዛ በ0.75፣ 223.5፤ 62 ሲባዛ በ0.70፣ 43.4፤ ሲቀነስ 180.1። በ360 ኪሎ ሲካፈል 0.50 ሜትር፤ የባዶው አውሮፕላን ክብደት የሚመዛዘንበት ነጥብ እዚያ ነው። ሁለት ባለ80 ኪሎ ሰዎች 0.60 ላይ፣ 60 ኪሎ ነዳጅ 0.55 ላይ ሲጨመሩ 580 ኪሎ እና 0.53 ይሆናል። ከኋላ 1.2 ሜትር ላይ 20 ኪሎ ሻንጣ ይጨምሩ፤ 600 ኪሎ፣ 0.555። አምራቹ የሰጠው የኋላ ወሰን 0.55 ቢሆን ኖሮ ያቺ ሻንጣ አትገባም ነበር። ከወሰኑ ያለፈ አውሮፕላን አፍንጫው ሲነሳ መሪው አይመልሰውም።

10. መሬት ላይ፣ ከዚያ አየር ላይ

በመጀመሪያ መሬት ላይ ብቻ ይንዱት። ፍሬን፣ የሞተር ሙቀት፣ የመሪ አቅጣጫ። ኤይለሮን (በክንፉ የኋላ ጠርዝ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ተገልብጦ የታሰረበት አውሮፕላን በታሪክ ጥቂት አይደለም፤ መሪውን ወደ ግራ ሲያዘነብሉ የግራው ኤይለሮን ወደ ላይ መውጣቱን ሌላ ሰው ቆሞ ጮክ ብሎ ይናገር።

ለበረራው ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ይመረጣሉ። ሰዓቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት አካባቢ ነው፦ በ10 ዲግሪ ሙቀት አውሮፕላኑ የሚሰማው ከፍታ 2,700 ነው፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ካለው ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። 4 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ጭልፊትና ጥንብ አንሳ በሞቀው አየር ላይ መሽከርከር ይጀምራሉ፤ ከተማው ዙሪያ ቄራና ቆሻሻ መጣያ ባለበት ሁሉ ብዙ ናቸው።

አብራሪው የዚህን ዓይነት አውሮፕላን ያበረረ ይሁን፤ እርስዎ ፈቃድ ቢኖርዎትም መጀመሪያ ሌላ ያብርረው። አሜሪካ ውስጥ የሙከራው ጊዜ በተለምዶ 40 ሰዓት ነው፣ የማረጋገጫ ወረቀት ላለው ሞተርና ፕሮፔለር 25። በዚህ ጊዜ ተሳፋሪ አይገባም። በየበረራው አንድ ነገር ብቻ ይፈተን፦ ዛሬ የሞተር ሙቀት፣ ነገ ስቶል፣ ከዚያ በየ300 ሜትሩ ሽቅብ የሚወጣበት ጊዜ በሰዓት ተይዞ ይጻፍ።

የሁለተኛው መቀመጫ ጊዜ ሲደርስ መጀመሪያ የሚቀመጥበት አሸዋ ነው። 20 ኪሎ በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ በቀበቶ ይታሰርና ይበረር፣ ከዚያ 40፣ 60፣ 80። በእያንዳንዱ ክብደት የመንደርደሪያው ርዝመትና የሽቅቡ ፍጥነት ከጠዋቱ ሙቀት ጋር ይመዝገብ። ከሰዓት በኋላ ሰው ይዘው ለመነሳት ሲያስቡ የሚያምኑት መጽሐፍ ያ ሠንጠረዥ ነው።